ከሚሌ ድልድይ ወዲያ

ለወንድሜ ለሙዘይን፣ ሚሌ ከተማ፣ የመንገድ ሥራ ካምፕ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት አለህልኝ? ያገራችን ሰው ሰላምታው ሙሉ ነው። ሌሊት ላለፈበት እንዴት አደርህ፣ ቀን ላለፈበት እንዴት ዋልህ፣ ሳምንት ላለፈበት እንዴት ሰነበትህ፣ ክረምት ላለፈበት እንዴት ከረምህ፣ በጋ ላለፈበት እንዴት ባጀህ ይላል። ስምንት ዓመት ላለፈበት ምን እንደሚባል ግን የሚነግረኝ አጣሁ። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ብያቸዋለሁና የሚስማማህን ውሰድ።

ጤናህስ? ያ ነሐሴ በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ሳል እዚያ ቆላ ለቀቀህ ወይስ እሱም አብሮህ ካምፑ ውስጥ ተቀጠረ? ባለቤትህ ኑርሀያት እንዴት ናት? ልጆችህስ? ሁለት ናቸው ብሎ ኑርዬ ነግሮኛል፤ ይህ ወረቀት እስኪደርስህ ሦስት ከሆኑ ለሦስተኛውም ዕድሜ ይስጥልኝ። ሙቀቱ እንደሚወራው ነው? ለተማሪዎቼ ያላችሁበት አካባቢ ካገሪቱ ሞቃት ስፍራዎች አንዱ ነው ብዬ አስተምራለሁ። ወንድሜ እዚያ ውስጥ እንዳለ ግን አልነግራቸውም፤ ፈተና ላይ ይጽፉብኛል።

እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነን። ሐይቁ ቦታው ላይ ነው። የእስጢፋኖስ ገዳምም ቦታው ላይ ነው። እኔም ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም። ባለቤቴ ዘሀራ ደኅና ናት፤ ትንሽ ጆሮዋን ያማታል፤ የሚያማት ግን እኔ ሳወራ ነው። ሥራዬም እንዳለ ነው። ጠዋት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ እቀመጣለሁ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። በሦስቱ መካከል የተረፈችኝን ጊዜ ጫማዬን አወልቅባታለሁ። ደክሞኛል፣ ሙዘይን። ታምሜ አይደለም፤ ሐኪም ቢያየኝ የሚያገኝብኝ ነገር የለም። እንዲሁ ደክሞኛል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። በፖስታ የሚሄድ ደብዳቤ ብዙ አንባቢ አለው፤ እኔ የምፈልገው አንድ ብቻ ነው። የሚያደርስልህ ያው ኑርዬ ነው፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ከደሴ አሰብ በከባድ መኪና የሚመላለሰው። ከጭነቱ በላይ በገመድ የታሰረ ሌላም ነገር አለ። እሱን በመጨረሻ እነግርሃለሁ፤ ቀና ብለህ አስቀድመህ አይተኸው ከሆነ ግን ነገሬን ሁሉ አበላሸህብኝ ማለት ነው።

የእናታችንን ነገር ልንገርህ። የዓይኗ ሞራ ባለፈው ክረምት ግራውን ጨርሶ ዘንድሮ ወደ ቀኙ ተሻግሯል። ሰው የምትለየው በአረማመዱ ነው። እኔ ገና ከአጥሩ ስደርስ «ይሄ የሚጎተተው ዘይኑ ነው» ትላለች፤ ሌላው ሰው ሁሉ በስሙ ሲጠራ እኔ በመጎተቴ መታወቄ ትንሽ ቅር ብሎኛል። በቀኙ ዓይኗ ገና የሰው ጥላ ታያለች፤ ከዚህ ክረምት ወዲያ ግን እሱም አይቆይም። አንድ ጠዋት ሽንብራ እየለቀመች ሳለ ካለ ምንም መነሻ «ሙዘይንን አለማየቱንስ ለምጄዋለሁ፤ መጥቶ ፊቴ ቆሞ የማላየው ከሆነ ግን እሱን አልለምደውም» አለችኝ። ሽንብራውን መልቀሟንም አላቋረጠች።

መልእክትህ ደርሶኛል። ሽማግሎቹን አምና የላክሁብህ በደኅና ልቤ ነበር፤ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይላካል ብዬ በወጉ አሰብሁ። ፍየል አርደህ አብልተህ ሸኘሃቸው። ሲመለሱ ስለ እርቁ ብጠይቃቸው ስለ ፍየሉ ነገሩኝ። መስከረም ላይ በኑርዬ የላክህብኝ ቃል ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ከሦስት ጺም ጋር አልተጣላሁም፤ የተጣላሁት ከወንድሜ ጋር ነው። ለልጆች ወንዙ የት እንደሚደርስ በዱላ ሲያሳይ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ እሱ ራሱ ግን ከሚሌ ድልድይ ወዲያ አልፎ አያውቅም። ከፈለገኝ ብቻውን ይምጣ። ሽማግሌ፣ ማኅተም፣ አጃቢ የሚባል እንዳያስከትል። ያኔ እኔም እናቴን ላያት እመጣለሁ» ብለህ ነበር። ኑርዬ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም፤ የመኪናውን ጎማ በእግሩ እየመታ ነፋሱን ይለካ ነበር።

እውነትህን ነው። ስለዚህ ልመጣ አሰብሁ። ማሰብ መቼም የእኔ ሥራ ነው፤ መሄድ ያንተ ነበር።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ልጆች ሳለን ከድልድዩ ላይ የበቆሎ አገዳ እየወረወርን ማን ይቀድማል ስንል፣ አገዳዎቹ መታጠፊያው ላይ ሲሰወሩ ሁልጊዜ ያንተ ቀደመ ትል ነበር። እኔም አላየሁምና መከራከሪያ አልነበረኝም። ስናድግ በአባባ ብስክሌት ወንዙን እስከሚያልቅበት ልንከተለው ተማማልን። አሁን ደግሞ ወንዙ የሚያልቀው አንተ ደጃፍ ነው። በአውቶቡስ በኮምቦልቻና በባቲ ዞሮ መምጣት ቀላል ነው፤ ግን ለስምንት ዓመት ጥል የአውቶቡስ መንገድ አነሰብኝ። በዚያው በተማማልንበት መንገድ፣ በዚያው ብስክሌት፣ ለትምህርት ቤቱ የየካቲት ዕረፍት ልመጣልህ ወሰንሁ።

መጀመሪያ ካርታ አየሁ። የትምህርት ቤታችን ካርታ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ጀምሮ «እኛ ያለነው የት ነው?» በተባለ ቁጥር ልጆቹ በጣታቸው ስለሚነኩት፣ ሐይቅ ከተማ ከካርታው ላይ ተፍቆ አልቋል። ያለንበት ቦታ ቀዳዳ ነው፤ በቀዳዳው የግድግዳው ጭቃ ይታያል። ስለዚህ መነሻዬን ጭቃው ላይ በግምት አድርጌ፣ ወንዙ ከሱሉላ በላይ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሲወርድ፣ በአምባሰል ግርጌ አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲዞር፣ እየተጠማዘዘ ቆላ ሲገባ በክር ተከትዬ ለካሁት። ወደ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሰጠኝ። ዘሀራ ክሩን አየችና የመርፌ ክር መሆኑን፣ የመርፌ ክር ደግሞ እንደሚለጠጥ ነገረችኝ። ሁለት መቶ ሃያ አልሁት።

ከዚያ በደብተር ላይ የስድስት ቀን ዕቅድ አወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን እስከ ድልድዩ፤ ይህ የማውቀው ነው። ሁለተኛው ቀን ወንዙ ዳር ዳሩን በከብት መንገድ። ሦስተኛው ቀን ላይ ገደሉ ስለሚጀምር «ከዚህ በኋላ ብስክሌቱ በእኔ ላይ ይሄዳል» ብዬ በቅንፍ ጻፍሁ። አራተኛውንና አምስተኛውን ቀን የሚያውቅ ሰው ስላላገኘሁ ባዶ ተውኋቸው። ስድስተኛው ቀን ላይ «ሙዘይን» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ገጽ አልነካሁትም።

ብስክሌቱ አንተ እንደምታውቀው ነው፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ አባባ አቡጀዲና ክር ጭኖ በየገበያው የዞረበት፣ ከእኔ ክብደት ብዙም የማያንስ። ጎሚስታው ሀምዱ ዘንድ ወሰድሁት። ሀምዱን ታስታውሰዋለህ፣ ሐይቁ ዳር ጀልባቸው የተቀደደባቸው ሁሉ ይሄዱበት የነበረው፤ አሁን ሱቁን መንገዱ ዳር አውጥቶታል። ካላማዳሪውን፣ የውስጡን ጎማ፣ አውጥቶ ለፀሐይ ዘርግቶ ካየው በኋላ፣ ከመጀመሪያው ጎማ የቀረው ነፋሱ ብቻ ነው አለኝ። ለመውረድ ፍሬን እንደሚያስፈልገኝ፣ ለመመለስ ደግሞ ሰው እንደሚያስፈልገኝም ነገረኝ። ሰንሰለቱን በናፍጣ ነከረው። ደወሉን ፈትቶ ዝገቱን አራግፎ ገጠመውና ቤት ሲያመጣልኝ ሁለቴ መታው፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዴ። አባባ አንተን ከኋላው አፈናጦ ከገበያ ሲመለስ ከሱቆቹ ጀምሮ እንደሚያደርገው መሆኑ ነው፤ ሀምዱ ያንን አስቦ ይሁን እጁ በለመደው አላውቅም። እናታችን ከውስጥ ተነሥታ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወጣች። «ሙዘይን?» አለች። ሀምዱ የሚያደርገው ቢጠፋው ደግሞ ደወለ። «እኔ ነኝ፣ እማ» ስላት፣ «አንተማ መች እንዲህ ታውቃለህ» ብላ ተመለሰች።

ልምምዱ አርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ነበር። በአርባ ዓመቴ፣ መነጽሬን በገመድ አስሬ፣ የሱሪዬን እግር ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ስወጣ ያየኝ ገበሬ ሁሉ ቆሞ ያሳልፈኛል፤ ለቀብር እንደሚቆመው ዓይነት ነው። አንዱ ከእርሻው ውስጥ ሞፈሩን ይዞ «መምህር፣ በቅሎዋ ሞተችብህ?» ብሎ ጮኸ። በቅሎ ኖሮኝ አያውቅም ስለው፣ «እንግዲያ ይሄስ ምን አጠፋ?» አለኝ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ አንዱን ሰው አይቶታል፣ አንዱን አላየም። ያልታየው የበለጠ አመመኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን አርዲቦን ሳልወርድ ዞርሁትና ራሴን ወንዝ ዳር አየሁት።

እስከዚህ ድረስ ነገሩን የሚያውቁት ዘሀራና ሀምዱ ብቻ ናቸው። የይለፍ ወረቀቱን «ለቤተሰብ ጥየቃ» ብዬ ቀበሌው ሥራ በማይበዛበት ሰዓት አስፈርሜ ጭጭ ብዬ ልወጣ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኢስሃቅ ነው፤ አብሮህ ዓሣ ያጠምድ የነበረው ያ ረጅሙ ኢስሃቅ። አይከለክለኝም ነበር።

ስህተቴ ከዚህ ይጀምራል። እናታችን ሳትመርቀኝ መውጣት አልቻልሁም። አንተ ሳትመረቅ ወጥተህ ስምንት ዓመት ቀረህ፤ ይህን በየዕለቱ የምታስታውሰኝን ሴት ሳልሰናበት እንዴት ልሂድ? እናም ነገርኋት። ምርቂኝ እንጂ ለማንም አትንገሪ ብዬ አስማልኋት። ቃሏን ጠበቀች፤ ለማንም አልነገረችም። ዱዓ ብቻ አስደረገች።

ዓርብ ከሰላት ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ቦታ የለም። ጫቱ ተጎዝጉዟል፣ ትልልቆቹ በሰልፍ ተቀምጠዋል፣ ከሱሉላ ድረስ የመጡ አሉ። ከእስጢፋኖስ እንኳ አባ ተክለ ማርያም በትራቸውን ይዘው መጥተው በሩ ዳር ተቀምጠዋል፤ ወንዝ ለሚከተል ሰው ምርቃት ይጠቅመዋል ብላ እናታችን ሰው ልካባቸው ኖሯል። ልጄ ወደ ወንድሙ ሊሄድ ነው፣ በብስክሌት፣ በሚሌ ዳር ዳር፣ ብላ አስረድታለች። ምርቃቱ ወረደ። መንገዱን ያቅናልህ፣ እሾሁን ይጥረግልህ፣ ውሃው ይጉደልልህ፣ ጎማህን ይጠብቅልህ፣ ወንድምህን እጅህ ላይ ይጣልልህ። አርባ ሦስት ሰው በአንድ ድምፅ አሚን አለ። ኢስሃቅ ቆቡን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም አሚን አለ። ስብሰባ ላይ ስለለመደ ድምፁ ከሁሉም ጎልቶ ወጣ።

እውነቴን ልንገርህ፣ ያን ሰዓት ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ብዙም አልቆየልኝም። ዱዓው እንዳለቀ አደራው ተጀመረ። አንዷ ወረባቦ ላለች እህቷ አድርስልኝ ብላ ወንፊት ሰጠችኝ። አንዱ ከአምስት ዓመት በፊት ወደ ቆላ የጠፋች ጊደሩን በመንገዴ ላይ እንድጠይቅለት ምልክቷን አጻፈኝ፤ አሁንማ ላም ሆናለች ስለው «ቀንዷን ግን አትለውጠውም» አለ። አባ ተክለ ማርያም አንድ ባዶ ጠርሙስ ሰጡኝ። ወንዙ እዚህ ሲነሳ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ፤ እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ግን ሰባ ዓመት ሙሉ የሚነግራቸው አላገኙም፤ እንድቀዳላቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን በቀበሌው ስብሰባ አራተኛው አጀንዳ እኔ ሆንሁ። ከስብሰባው በፊት ኢስሃቅን ለብቻው አግኝቼ ምነው ስለው፣ አንገቱን ደፍቶ «ባልሰማ ዝም እል ነበር። አርባ ሰው ፊት አሚን ያልሁበትን ጉዳይ ምን ብዬ አላውቅም ልበል? እኔ ባላነሳው ከአርባው አንዱ ያነሳዋል» አለኝ። የሚለው ልክ ነው።

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ክፉ የተናገረ ማንም የለም፤ ይህንን እወቅልኝ። ሁሉም ሊረዳኝ ነው የተሟሟተው። አንዱ የጉዞው ዓላማ ምንድን ነው አለ። ወንድሜን ማየት ስል፣ ይህ ጠባብ ነው፣ ይስፋ ተባለ። ሌላው ወንዙ በየትኛው ገበሬ ማኅበር ሥር ነው ብሎ ጠየቀ። በብዙዎቹ ውስጥ ያልፋል አልሁ። «ያለ ፈቃድ?» አለኝ። በመጨረሻም ጉዞው የቀበሌው የንቃት ጉዞ እንዲሆን፣ ከወጣቶች አንድ፣ ከሴቶች አንድ፣ ከአብዮት ጥበቃ አንድ ሰው እንዲከተለኝ ተወሰነ። ሦስቱም ብስክሌት አይችሉም። ብስክሌቱም አንድ ነው። ይህን ባመለክት በተራ እንዲሮጡ ተባለ። በሁለት እንጨት የተወጠረ የአምስት ሜትር መፈክርም ይኖረኛል። ስለ ነፋሱ ጠየቅሁ። ነፋሱ ለንዑስ ኮሚቴ ተመራ። በመድረሻው ላይ ንግግር ይነበባል። አንተም ልዑካኑን ተቀባይ ተብለህ ስምህ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል፤ ማን እንደሆንህ ሲጠየቅ «ለጉዳዩ ቅርበት ያለው የመንገድ ሠራተኛ» ተብለሃል።

እንግዲህ ተመልከት። ብቻህን ና አልኸኝ። ሽማግሌውን ባስቀር ልዑክ ሊመጣብህ ነው።

ሦስት ቀን አሰብሁ። ያለ ወረቀት ልውጣ አልሁ፤ ኬላ አለ፤ ወንዙ ዳርም ቢሆን ጠያቂ አይጠፋም። በመፈክሩ ሥር ልምጣ አልሁ፤ ካምፕህ በር ላይ ሦስት የደከመ ሯጭና አምስት ሜትር ጨርቅ አስከትዬ ስታየኝ ፊትህ ታየኝ። ያን ጊዜ ፍየልም አታርድም። ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ለቀበሌው አመለከትሁ። ጉልበቴ በእርግጥ ያመኛል፤ ግን ያስቀረኝ እሱ አይደለም። ፈርቼ ነው። ማመልከቻው ላይ ስለማይጻፍ እዚህ ጻፍሁልህ።

ጉዞው መቅረቱን ልነግረው ሀምዱ ዘንድ ሄድሁ። ጎማ እየለጠፈ ነበር፤ ቀና ሳይል ሰማኝ። ከዚያ «መምህር፣ እሱ ያኮረፈው አንተ ስላልሄድህ ነው ወይስ ይሄ ስላልሄደ?» ብሎ በመፍቻው ብስክሌቱን አሳየኝ። ይህን ያለው ሥራውን ሳያቋርጥ ነው፤ ቀጥሎ ሙጫ አቀብለኝ አለኝ። ሙጫውን አቀበልሁትና ቁጭ አልሁ።

አሁን የምጽፍልህን ለእናታችን አልነገርኋትም፣ ለዘሀራም ገና ትናንት ነው የነገርኋት። አባባ ሊሞት ሰሞን አንድ ቀን አጠገቡ እኔ ብቻ ሳለሁ፣ «ብስክሌቱ የሙዘይን ነው፤ ዘይኑ ደመወዝ አለው፣ ሙዘይን እግሩ ብቻ ነው ያለው» አለኝ። እሺ አልሁት። የአርባው ሰደቃ ባለፈ ማግስት አንተ፣ በልጅነታችን እንዳልነው ወንዙን ይዤ ወርጄ ሥራ ልፈልግበት ብለህ ብስክሌቱን ስትጠይቀኝ ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት አስሬ፣ ጓጉንቸር ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ነበር። የአባባን ቃል አልነገርሁህም። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ እኔ ያስፈልገኛል አልሁህ። በእግርህ ወጣህ። ከሄድህ በኋላ ርቀቱን በእርምጃ ቆጠርሁት። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ በር አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። በዝናብ ቀን፣ ጭቃውን ስዞር፣ አራት መቶ ሠላሳ ይሆናል። በስምንት ዓመት ውስጥ ብስክሌቱ ላይ አንድም ቀን ወጥቼ ላስተምር አልሄድሁም። መንዳቱን እንኳ በደንብ እንደማልችል አርዲቦ ያሉ ገበሬዎች ይመሰክሩልሃል። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ብዙ ጊዜ አሰብሁበት። አንተ እንዳትሄድ ነበር መሰለኝ። ይህን እንደ ምክንያት አልቁጠርልኝ፤ ብቻ ከዚህ የተሻለ ስላላገኘሁ ነው።

ከመኪናው ጭነት በላይ የታሰረው እሱ ነው። ቀና በልና እየው።

መላኩም ያለ ነገር አልሆነም። ብስክሌት ከቀበሌው ሲወጣ ወረቀት ይፈልጋል ተባለ። ኢስሃቅ ደንቡን አገላብጦ ሰው ሳይኖርበት ስለሚጓዝ ብስክሌት የተጻፈ አንዳች ነገር አጣ። ከዚያ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ለባለንብረቱ ሲመለስ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታ። ባለንብረቱ ማን እንደሆነ እኔ አልነገርሁትም፤ ከአባባ ኋላ ተቀምጠህ ገበያ ለገበያ ስትዞር እያየ ነው ያደገው። ማኅተም እንዳታስከትል ብለኸኝ ነበር፤ ይህችን አንዷን ይቅር በለኝ።

ጓጉንቸሩን መንገድ ላይ ማንም እንዳይወጣበት እንደተቆለፈ ተውሁት። ቁልፉ ይኸው፣ በዚህ ወረቀት ጠቅልዬዋለሁ። ስምንት ዓመት ኪሴ ውስጥ ስለኖረ ሁለት ሱሪ ቀዶብኛል።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። ብቻዬን ልመጣልህ አልቻልሁም፤ አንተ ግን ትችላለህ። የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፣ የዓመት ፈቃድ ወረቀት ካምፕህ ይሰጥሃል፣ ማንም ዓላማህን አያሰፋብህም። ና። በወንዙ ዳር እንዳትመጣ ብቻ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ዳገቱን አልደብቅህም፤ ከዚያ እስከዚህ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሽቅብ ነው። ብስክሌቱን እንደገና ኑርዬ መኪና ላይ ጫነውና በባቲ በኩል ና። ሰው ቢጠይቅህ በወንዙ ነው የመጣሁት በል፤ እኔ እመሰክርልሃለሁ፤ የበቆሎ አገዳውንም ያንተ ቀድሟል ብዬ አምኜልህ የለ። ሱቆቹ ጋ ስትደርስ ግን ውረድና ብስክሌቱ ላይ ውጣ። ደወሉን ሁለቴ፣ ትንሽ ቆይተህ ደግሞ አንዴ። ክረምቱ ሳይገባ ከሆነ ጥላህንም ታይልሃለች።

ለኑርሀያት ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ስለ ፍየሉም አመስግንልኝ፣ ሦስቱም ሽማግሎች እስካሁን ያነሱታል። ልጆችህን በየስማቸው ሳምልኝ፤ ስማቸውን ስትመጣ ትነግረኛለህ። ዘሀራ ሰላም ብላሃለች፤ ስለ ብስክሌቱ የነገርኋት ዕለት አላናገረችኝም፣ ዛሬ ግን ለኑርዬ ስንቅ ስትሰጥ ላንተም የተልባ ቆሎ አክላለች፤ ያንተ ድርሻ የሚበልጠው ነው። ሀምዱ ሰላም ብሎሃል፤ የኋላ ፍሬኑን እንዳታምነው ብሏል። ኢስሃቅ ሰላም ብሎሃል፤ እንደ ሊቀመንበር ሳይሆን እንደ ኢስሃቅ። የአባ ተክለ ማርያም ጠርሙስ ከኮርቻው ሥር ታስሯል፤ ከወንዙ ማብቂያ ቀድተህ አምጣላቸው፣ አደራ።

እናታችን ግን ሰላምታ አልላከችም። ንገሪኝ፣ ልጻፍልሽ ብላት፣ «ሰላምታ የምልከው ለማይመጣ ነው» አለችኝ። አሁን በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ጆሮዋን ወደ ሱቆቹ አድርጋ ተቀምጣለች። ኑርዬ ገና መኪናውን አላስነሳም፤ እሷ ግን ከወዲሁ ዝም በሉ እያለችን ነው።

ወንድምህ ዘይኑልአቢዲን

ሐይቅ፣ የካቲት 6 ቀን 1973 ዓ.ም.